የሐበሻ ልብስ ለብሶ አገር መዞር፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ ሳነቴ፣ ስቴፕ በስቴፕ

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ እኔ ደሞ ለመንገድ ያልሆነ ቀሚስም እንደዛው ይሁን ባይ ነኝ። አብዛኞቻችን ጋር የሐበሻ ልብስ ማለት በፌስታል ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ሰርግና ዓመት በዓል ሲጠብቅ የሚከርም ነገር ሆኗል፣ ጉዞ ሲመጣ ጂንስና ቲሸርት ጠቅልለን እንወጣና ላሊበላ ስንደርስ በር ላይ ነጠላ ፍለጋ እንዞራለን። ግን እኮ የእጅ ፈትል ጥጥ ለዚህ አገር መንገድ የሚሆን ጨርቅ ነው፣ ቆላ ላይ አየር ያስገባል፣ ደጋ ላይ ስትደራርቢው ያሞቃል፣ ማታ ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያስገባል፣ ፎቶ ላይ ደሞ የሚያክለው የለም። ችግሩ ያለው አብዛኛው ቀሚስ ለመቆምና ለመጨፈር ተብሎ መሰፋቱ ላይ ነው፣ አውቶብስ ለመሳፈር፣ ዳገት ለመውጣት፣ በባልዲ ለመታጠብ አልተሰፋም። ስለዚህ ከጨርቁ ምርጫ ጀምሮ እስከ እጥበቱ እኔ የምሄድበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ከፍታውን እዪ

ልብስ ከማሰብሽ በፊት የምትሄጂበት ቦታ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ጎግል አድርጊ። እኛ አገር ብርድና ሙቀቱን በብዛት የሚወስነው ከወሩ ይልቅ ከፍታው ነው፣ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። አርባ ምንጭ 1300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጨንቻ ደሞ ከሷ በላይ ተራራው ላይ 2700 ገደማ፣ በመኪና ብዙም አይርቅም ግን ወደ 9 ዲግሪ ልዩነት አለው፣ ጠዋት ላብ በላብ ሆነሽ የተነሳሽው ልጅ ምሳ ሳይደርስ ጋቢ ትፈልጊያለሽ። ድሬዳዋ 1200 ምናምን ናት፣ ሐረር 1900 ገደማ። ላሊበላ 2500፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ከ4000 በላይ፣ ዳሎል ደሞ ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ነገር ከመያዝ ስስ ስስ የሆኑ የሚደራረቡ ነገሮችን ያዢ።

በዛው የመንገዱን ሁኔታ ጠይቂ። ያየሽው ቪዲዮ ካለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል፣ እዛ የሚኖር ሰው ወይ በዛ መስመር የሚሰራ ሾፌር ጋር ደውለሽ ዛሬ እንዴት ነው ብለሽ ካልሰማሽ ቲኬት አትቁረጪ።

2. ጨርቁን መምረጥ

አዲስ አበባ ካለሽ ሽሮ ሜዳ ሂጂ፣ ከ6 ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚሄደው መንገድ ላይ ነው። ተራ የስራ ቀን ጠዋት ምረጪ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሊደርስ ሲል ያሉት ሳምንታት ላይ ሰፊዎቹ ስራ ተጭኗቸው ነው የምታገኚያቸው፣ ዋጋውም ይጨምራል፣ ላንቺ ተረጋግቶ የሚያወራሽም የለም።

አሁን ዋናው ነገር። ሸማ ድርና ማግ አለው፣ ድሩ በቁመት የሚዘረጋው ነው ማጉ ደሞ በአግድም የሚገባው። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ይሆናል፣ ልዩነቱ ማጉ ላይ ነው፣ ወይ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው ወይ እሱም የፋብሪካ ክር ነው ወይ ደሞ የሚያብረቀርቅ ሰው ሰራሽ ክር ነው። እና ባለሱቁን በቀጥታ ጠይቂ፦ ጋሼ፣ ይሄ ማጉ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ? እንደዛ ብለሽ ስትጠይቂ ጨርቅ የምታውቂ ልጅ መሆንሽ ይገባቸዋል፣ ከኋላ ያለውን ያወጡልሻል።

መልሱን ሰምተሽ ደሞ ራስሽ አረጋግጪ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጊና እዪው፣ የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ ቦታ ቦታ ላይ ወፈር ይላል ደሞ ይሳሳል፣ አንዳንዴ ትንሽ ጉብ ያለች የጥጥ ነጠብጣብ ታገኚበታለሽ፣ በጣትሽ ስትዳስሺው ይሰማሻል፣ የፋብሪካው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ሁለተኛ ጥለቱን ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ፣ የተሸመነ ጥለት ከጀርባውም ክሩ ይታያል፣ በማሽን የታተመ ከሆነ ግን ጀርባው ነጣ ብሎ ቀለሙ ደብዝዞ ነው የምታገኚው፣ እንዲህ ያለ የታተመ ጨርቅ ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ግን ለሸማኔው የሚደርሰው ነገር የለም፣ ሙቀት ላይም ያፍናል። ሦስተኛ ጫፉ ላይ ከተንጠለጠለው ክር አንዲት ፍሬ ለምነሽ በክብሪት ለኩሺ፣ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሰራሽ ከሆነ ቀልጦ ጠጣር ጉብታ ይሰራል፣ ሽታውም የላስቲክ ነው። ይቺን ነገር ከሱቁ ውጪ አድርጊያት፣ በየጣሪያው ጨርቅ በተሰቀለበት ሰፈር እሳት አትጫሪ።

ሰው ሰራሹ ክር ሁሌም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሽፎኑም ለሰርግ ያምራል። ለአዋሽና ለድሬ ሙቀት ግን አልመክርሽም፣ ገላ ላይ ይጣበቃል።

የጥበቡን ስፋት በተመለከተ ለመንገድ ጠባብ ጥለት በቂ ነው። ጥለት እየሰፋ በሄደ ቁጥር ሸማኔው የሚቀመጥበት ጊዜም ዋጋውም ክብደቱም ይጨምራል፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ቀለም በእጁ ነው የሚጥለው፣ ያን ያህል የተለፋበትን ጥበብ ደሞ አቧራ ላይ ማንከባለል አንጀት አያስችልም። አንድ ምርጥ ሰፊ ጥበብ ለበዓሉ፣ ጠባቡ ለመንገዱ።

3. ልብስ ሰፊው ጋር፦ ይሄን ይሄን በይው

ከመስፋቱ በፊት ጨርቁ አንዴ ውሃ ይግባበት። የእጅ ፈትል ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ሳይታጠብ ልክሽን ጠብቆ ከተሰፋ በኋላ ጠቦ እጅጌው አጥሮ ታገኚዋለሽ። ቤት ወስደሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አድርቀሽ መልሺለት። ልክሽን ሲወስድ ደሞ የሚመችሽን አንድ ቀሚስ ይዘሽለት ሂጂ፣ በሜትር ከመለካት ይልቅ ያን አይቶ ቢሰፋ ይሻላል።

ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚት አንድ ጥፍር ያህል ሳይሆን በደንብ ከፍ ይበል፣ ባት ግማሽ ላይ ቢቆም በጣም ጥሩ ነው። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሰሽ የመንገድ ዳር ሽንት ቤት ገብተሽ ካወቅሽ ለምን እንደምል ይገባሻል። ጥለቱንም ታች ጠርዝ ላይ አታስደርጊ፣ ጭቃውን የሚጠጣው እሱ ነው፣ ይልቅ ደረቱ ላይ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ፣ ወይ ወገቡ ላይ ያድርግልሽ። ጥለት ለብቻው ተገዝቶ ስለሚሰፋም ጨርቁን ሜዳ ነጭ ገዝተሽ ጥለቱን የምትወጂውን ቀለም መርጠሽ ማሰፋት ትችያለሽ።

ኪስ! ኪስ! ኪስ! ሁለት የጎን ኪስ ስልክ የሚያስገባ ጥልቀት ያለው፣ አንድ ደሞ ከውስጥ ዚፕ ያለው ለብርና ለመታወቂያ። ለሴት ቀሚስ ኪስ ምን ያደርጋል የሚል ሰፊ ያጋጥምሻል፣ ጋሼ ለመንገድ ነው የምለብሰው በይው፣ ያደርግልሻል። እናቶቻችን ብራቸውን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው ነበር ገበያ የሚወርዱት፣ መቀነትም አሰሪ ስለዚህ፣ እጥፍ ያለ ሆኖ ውስጡ ገንዘብ የሚያስገባ፣ ዳገት ላይ ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርገሽ የምትሸበልዪበትም እሱ ነው፣ ሰፊ ቀሚስ ላይ ደሞ ወገብ ያወጣል፣ አንዱ ቀሚስ በመቀነትና ያለ መቀነት ሁለት ልብስ ሆነልሽ ማለት ነው።

ገበሩን አትርሺ። ነጭ ስስ ሸማ ፀሐይ ሲያርፍበትና ሲረጥብ ያሳያል። ሙሉ ገበር ሙቀት ይሆንብሻል፣ ከደረት እስከ ጉልበት ስስ የጥጥ ገበር ይበቃል። እጅጌው ሦስት ሩብ ይሁን፣ ፀሐይም ይከላከላል፣ ክንድም ይሸፍናል፣ ስትፈልጊም ይጠቀለላል።

4. ምን ምን ልያዝ

ለአንድ ሳምንት ይሄ ይበቃል፦ ከላይ እንደነገርኩሽ የተሰፋ አንድ ነጭ ወይ ጥሬ ቀለም ያለው ቀሚስ፣ አንድ አጠር ያለ የሸማ ሸሚዝ ሱሪ ላይ የሚለበስ፣ ጥቁር ታይት ሁለት (ቀሚሱ ስር ለብርድና ለፈረስ)፣ አንድ ሰፊ ሱሪ፣ አንድ ሹራብ፣ ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ አንድ። የውስጥ ልብስና ካልሲውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ነጠላ ሁለት ያልኩሽ አንዱ ንጹህ ሆኖ ለቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ፣ ሌላው የስራ ነጠላ ይሁን። የስራው ነጠላ ምን የማያደርገው አለ፣ አቧራ ላይ አፍንጫና አፍ ይሸፍናል፣ ፀሐይ ላይ ራስ ላይ ይጠመጠማል፣ አውቶብስ ውስጥ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ መጋረጃ ይሆናል፣ አንሶላው የማያምርሽ አልጋ ላይ ትራስ ላይ ታነጥፊዋለሽ። ጋቢው አራት ድርብ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይበላል፣ አትክተቺው፣ ለብሰሽው ውጪ ወይ በእጅሽ ያዢው፣ በረራ ከሆነ ደሞ የእጅ ሻንጣሽ 7 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ትከሻሽ ላይ ያለ ጋቢ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ጫማ ላይ፣ ነጭ ሸማ ቀሚስ ከሸራ ጫማ ጋር ሲሄድ በጣም ነው የምወደው፣ ደሞም ይራመዱበታል። ሌላው ቶሎ የሚወልቅ ሰንደል፣ ላሊበላ ላይ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው ስትገቢ ስትወጪ 11 ቦታ ጫማ ማውለቅ ነው ስራሽ፣ ክር እየፈታሽ እያሰርሽ ከሆነ መሸብሽ። ለክረምት ጭቃ ደሞ ኮንጎ ጫማን አትናቂ፣ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል።

ፀጉርሽን ከመሄድሽ በፊት ሹሩባ ተሰሪ። ለአቧራም፣ ለውሃ እጥረትም፣ ከነጠላ ስርም ለማማር እንደሱ የለም፣ የአገር ልብስ ላይ ደሞ አልባሶም ይሁን ተራ ቁጥር ጌጡ ራሱ ፀጉሩ ይሆናል፣ የወርቅ ሀብልሽን ቤት ተዪው።

ትንንሽ ነገሮች፦ መርፌ ቁልፍ አምስት ስድስት (ነጠላ ነፋስ ሲወስደው ትከሻሽ ላይ የምታስይዢበት)፣ ነጭ ክርና መርፌ፣ ሰንስክሪን፣ ቫዝሊን፣ ፓወር ባንክ፣ ሞዴስ ከበቂ በላይ ምክንያቱም ትንንሽ ከተማ ላይ የለመድሽውን ላታገኚ ትችያለሽ፣ ጥሬ ብር ደሞ ግድ ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርሽ ላይ ያለው ብር ምሳ አያበላሽም።

5. አጠቀላለልና መንገድ

ሸማን አጥፈሽ አትደርድሪ፣ መታጠፊያው ላይ መስመር ይሰራል ካውያም በቀላሉ አያስለቅቀውም። ወለል ላይ ነጠላ ዘርጊ፣ ቀሚሱን ገልብጠሽ ጥለቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አርገሽ ላዩ ላይ አንጥፊና ከታች ወደ ላይ አብረሽ ላላ አድርገሽ ጠቅልዪው። ከዛ ላስቲክ ውስጥ፣ ከዛ ሻንጣ ውስጥ። ላስቲኩ ቅንጦት እንዳይመስልሽ፣ ሻንጣሽ ፖርቶመጋላ ላይ ከወጣ አቧራው በዚፕ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፣ ዝናብ ሲመጣ ደሞ ሸራው የሚለብሰው መኪናው ግማሽ ከረጠበ በኋላ ነው። ረዳቱን ወንድሜ ይሄን ውስጥ አድርግልኝ ብለሽ በትህትና ስትጠይቂው ከወንበር ስር የሚገባ ቦታ አይጠፋም፣ አነስ ያለ ሻንጣ የሚያዘው ለዚህም ጭምር ነው።

መንገድ ላይ ነጩን አትልበሺ። ሱሪ፣ የሸማ ሸሚዝ፣ የስራ ነጠላ፣ ጋቢ። ከአዲስ አበባ የሚነሱት የሩቅ አገር መኪናዎች ገና ሳይነጋ ነው የሚወጡት፣ ሌሊት ብርድ ነው፣ ረፋድ ላይ ሙቀት ነው፣ እየገለጥሽ ትሄጃለሽ።

6. ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ለቅሶ

ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ነጠላሽን መስቀለኛ አጣፊ፣ ራስሽን ተከናነቢ፣ ጫማ አውልቂ፣ በሴቶች በር ግቢ። ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ያረጀ ስለሚሆን ወፈር ያለ ካልሲ አድርጊ፣ ቁንጫም አለ እውነቱን ለመናገር። የወር አበባ ላይ ከሆንሽ ውስጥ እንደማይገባ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ቀንሽን ቆጥረሽ ጉዞውን አስተካክዪ፣ ወይ ደሞ የዛን ቀን ውጪ ሆነሽ ተሳለሚ። እና ሴት የማይገባባቸው ገዳማት አሉ፣ ደብረ ዳሞ አንዱ ነው፣ ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልም እንደዛው፣ ጀልባ ከመኮናተርሽ በፊት ጀልባውን የሚያወጣውን ሰው ጠይቂ። ዘጌ ላይ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችም ይገባሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስዕል ብቻ መንገዱን ያካክሳል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ወይ ባሌ ድሬ ሼክ ሁሴን ስትሄጂ ያው ነጠላ ነው፣ ግን አጠማጠሙ ይለያል፣ ፀጉርሽን በሙሉ ሸፍኖ አንገትሽ ላይ ዞሮ በመርፌ ቁልፍ ይያዝ፣ ታይት ወይ ሱሪ ብቻ ለብሰሽ አትግቢ፣ ቀሚስ ከላይ ይሁን።

ለቅሶ ያለበት ቤት ወይ ቀብር መንገድ ላይ ካጋጠመሽ፣ ገጠር ውስጥ ሰው ቆሞ ያሳልፋል፣ አንቺም ቁሚ። ነጠላ ሲለበስ ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ነው የሚሆነው። ይሄን የምነግርሽ በተቃራኒውም ስለሚሰራ ነው፣ በደስታ ቀን ሳታስቢው ጥለቱን ወደ አንገትሽ አድርገሽ ብትለብሺ እማማዎች ምን ሆነሽ ነው ልጄ ብለው ይደነግጣሉ፣ አንዷ መጥታ ታስተካክልልሻለች።

7. በዓል ላይ ለመድረስ ከሆነ

ጥምቀት ጎንደር ላይ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ጋር ውሃው ሲረጭ ትረጥቢያለሽ፣ ገበር ያልኩሽ ለዚህ ነው፣ ነጭ ሸማ ውሃ ሲነካው የሚሆነውን ታውቂያለሽ። ስልክሽ ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ከውስጥ ኪስ ይግባ፣ እንዲህ ሰው የሚተራመስበት ቦታ ላይ ለጎን ቦርሳ ልብሽ አይረፍ። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ ላይ ተመዝግቧል፣ የአልጋ ዋጋ እንዴት እንደሚሆን ገምቺ፣ ቀደም ብለሽ ያዢ።

ገና ላሊበላ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚቆመው፣ እዛ ላይ ጋቢ የማይደራደሩበት ነገር ነው፣ ስሩ ሹራብ፣ ስሩ ታይት ሁለት። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደሞ አሸንዳ ትግራይ፣ ሻደይ ሰቆጣ፣ አሸንድዬ ላሊበላ፣ ሶለል ቆቦ አለ፣ የልጃገረዶች በዓል ስለሆነ ላንቺ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ጥልፍ ቀሚስ ነው የሚለበሰው፣ ከተማው ውስጥ ልጆቹ ጋር ተጠግተሽ እንዴት ነው የምታስሩት ብትያቸው ወገብሽ ላይ የአሸንዳ ቅጠሉን ራሳቸው ያስሩልሻል። ክረምት ስለሆነ ዣንጥላ። ኢሬቻ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ነጭ ላይ ቀይና ጥቁር ያለበት የኦሮሞ ልብስ ብዙ ታያለሽ፣ ሐይቁ ዳር የሰዉ ብዛት ከባድ ስለሆነ ጠዋት በጊዜ ገብተሽ ዳር ዳሩን ያዢ፣ ረጅም ቀሚስ አትልበሺ ይረገጣል።

8. ከሄድሽበት አገር አንድ ነገር ልበሺ

ይሄ የምወደው ክፍል ነው። የሄድሽበት ከተማ የራሱ ልብስ አለው፣ አንድ አንድ ነገር እየገዛሽ ካለሽ ልብስ ጋር አዋህጂው፣ በዛ ነው የራስሽ ስታይል የሚወጣው።

ዶርዜ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጪ። የዝሆን ቅርጽ ያላቸው የቀርከሃ ቤቶች አሉ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ሸማኔዎች መሰረታቸው ከዚህ ነው። እዚህ ከሸማኔው እጅ ነጠላ ወይ ስካርፍ ግዢ፣ ዶርዜዎች ደሞ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ያለበት ደማቅ ጥለት አላቸው፣ እሱን አንገትሽ ላይ ጣል አድርገሽ ከነጭ ቀሚስ ጋር ሞክሪው። ስትከራከሪ የምታወርጂው ብር ከቀኑ ድካም ላይ እንደሚቀነስ እያሰብሽ ተከራከሪ። እንዝርቱን ልሞክር ብትዪ እማማዎቹ በደስታ ነው የሚያሳዩሽ፣ ክሩ እጅሽ ላይ ሲበጠስ ያንን ሁሉ ነጠላ የፈተለች ሴት ምን ያህል እጅ እንዳላት ታያለሽ።

ሐረር ላይ መኪና ግርግር የሚባል ጠባብ መንገድ አለ፣ ግራና ቀኝ የስፌት መኪና ይዘው የተቀመጡ ሰፊዎች ናቸው፣ ጨርቅ ከዛው ገዝተሽ ሰጥተሽ ጀጎልን ዞረሽ ስትመለሺ የተሰፋ ነገር ማግኘት ይቻላል፣ ቀላል ነገር ከሆነ ማለት ነው፣ ሰፊ ሱሪ፣ ጉርድ፣ የትራስ ልብስ። የሐረር ቀለም ደማቅ ነው፣ ሮዝ፣ ብርቱካን፣ ወይን ጠጅ፣ የግንቡም ቀለም እንደዛው ስለሆነ ነጭ ለብሰሽ ቆመሽ ነው ፎቶው የሚያምርልሽ።

ድሬዳዋ ከሆንሽ ቀፊራ ገበያ ግቢና ድሪያ ግዢ። ስስ፣ ሰፊ፣ ንፋስ የሚያስገባ፣ ለዛ ሙቀት ሴቶቹ ያወቁበት ልብስ ነው። ውስጡ የሚለበስ አብሮ ግዢ ምክንያቱም ብቻውን ያሳያል። ኮንሶ ደግሞ ሴቶቹ የሚለብሱት ባለ ሁለት ድርብ የጥጥ ጉርድ አለ፣ ላዩ ላይ አጭር ሽንሽን የተደረበበት፣ እሱን ከሜዳ ነጭ ሸሚዝ ጋር ከተማ ውስጥ ለብሰሽ ስራ መግባት ሁሉ ትችያለሽ።

ማሳሰቢያ፣ ጌጥና ልብስ ማዕረግ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ያገባችና ያላገባች የሚለይበት፣ ስትገዢ ይሄን ማን ነው የሚለብሰው ብለሽ ጠይቂ። እና ሰው ለብሶት ያየሽውን ፎቶ ልታነሺ ከሆነ አስፈቅጂ፣ ልጅ ከሆነች እናቷን፣ እምቢ ካሉሽ በቃ።

9. ተራራ ላይ ጥጥ ቦታውን ይልቀቅ

ልብሱን እወደዋለሁ ግን ሰሜን ተራሮች ወይ ባሌ ላይ ለረጅም እግር ጉዞ ከሆነ ጥጥ ገላሽ ላይ አይሁን። ጥጥ ላብና ዝናብ ጠጥቶ ይይዛል፣ ከረጠበ አያሞቅም፣ ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውስጥ የሱፍ ወይ የስፖርት ልብስ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚይዝ ጃኬት። ጋቢው ካምፕ ደርሰሽ ደርቀሽ እሳት ዳር ስትቀመጪ ይውጣ፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት በጠዋት መኪና ውስጥ ተጠቅልለሽ ስትጠብቂም እንደዛው።

10. እጥበት

ጉዞ ላይ የሐበሻ ልብስ የሚሞተው እዚህ ጋር ነው። መጀመሪያ የነጭ ጨርቅ ጫፍ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጊ፣ ቀለም ከነካ ይለቃል ማለት ነው፣ ያን ቀሚስ ሙሉውን አትንከሪ፣ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ እጠቢ። የማይለቅ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ገልብጠሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነክረሽ አውጪ። በረኪና ክልክል ነው፣ ነጩን ያጠራልሽና ጥለቱን ይበላል፣ ክሩንም ያሳሳል። አትዘፍዝፊው፣ አትጠምዝዢው፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ተጫኚው ውሃው ይወጣል። ጥላ ስር ዘርግተሽ አድርቂ፣ ገመድ ላይ አንድ ቦታ ላይ ከተንጠለጠለ በውሃው ክብደት ይለጠጣል።

ቡና ከፈሰሰበት ወዲያው ውሃ፣ ወጥ ከነካው ሳሙናውን በደረቁ ቀብተሽ ጥቂት ደቂቃ ተዪው፣ ጭቃ ግን ተቃራኒው ነው፣ እስኪደርቅ ጠብቂና አራግፊው፣ በእርጥቡ ከፈተግሽው ክሩ ውስጥ ይገባል።

ገጠር ከሆንሽ እንዶድ ቢሰጡሽ ውሰጂ፣ አያቶቻችን ሸማ ያጠቡበት ነው አረፋውም ለጥጥ ለስላሳ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት፣ የልብስ ማጠቢያ ፍሬያችን ይሄን ያህል ነገር አለው። ግን አሳም ስለሚጎዳ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፊ። አንቺም ልብስ ለማጠብ ብለሽ ሐይቅ ዳር አትግቢ፣ ጣና ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጫሞ ላይ ደሞ አዞ። ባልዲ ለምነሽ ግቢው ውስጥ እጠቢ።

ካውያ ካገኘሽ ገልብጠሽ፣ ትንሽ እርጥብ እያለ፣ የስራ ነጠላሽን ላዩ ላይ አድርገሽ። ካላገኘሽ ማታ ገላ ስትታጠቢ ሻወር ቤቱ ውስጥ ስቀዪው፣ እንፋሎቱ ያፍታታዋል።

11. ቤት ስትመለሺ

ያንኑ ቀን አውጪው፣ ላስቲክ ውስጥ አታሳድሪው፣ እርጥበት ካለው ነጩ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል። የተፈታ ክር ካለ አትጎትቺው፣ በመርፌ ወደ ጀርባ አሳልፈሽ እሰሪው፣ የነጠላው ጫፍ ላይ ያለው ክር ከተፈታ ሦስት አራቱን እየያዝሽ መልሰሽ ግመጂ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በአሮጌ የጥጥ አንሶላ ጠቅልለሽ ቁምሳጥኑ ላይ ሳይሆን እጅሽ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው፣ የመርፌ ቁልፉንና መቀነቱን ኪሱ ውስጥ ተዪው፣ ጓደኛሽ ቅዳሜ ደብረ ዘይት እንሂድ ያለችሽ ጊዜ ተነስተሽ ለብሰሽ የምትወጪው እንዲሆን።